ለአንድ ቋንቋ የተሠራ ኮምፒዩተር፤ ስለ ሊስፕ ማሽኖች አጭር ሂስ

ስለ ሊስፕ ማሽኖች የሚጽፉ ብዙዎች፥ በጥበብ የላቁ በገበያ ግን የወደቁ ናቸው ብለው ያልፋሉ። እኛ ግን ይህ ፍርድ ውድቀቱን እንጂ ምክንያቱን አያስረዳም እንላለን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሊስፕ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በ1958 የጀመረው ጆን ማካርቲ ነው። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በዚህ ቋንቋ ይሠሩ የነበረው ፒዲፒ-10 በተባለ፥ ብዙ ሰዎች በጋራ በሚገለገሉበት ኮምፒዩተር ነበር። ይህም ለአንድ ፕሮግራም የሚሰጠው የማስታወሻ ስፍራ ከ262,144 ቃላት ስለማያልፍ፥ እንደ ማክሲማ ላሉ ትልልቅ የአልጀብራ ፕሮግራሞች ጠበበ። ስለዚህ ሪቻርድ ግሪንብላት በ1974 ለአንድ ሰው የሚሆን፥ ለሊስፕ ተለክቶ የተሰፋ ማሽን መሥራት ጀመረ።

በተራ ኮምፒዩተር ሁለት ነገሮች ከመደመራቸው በፊት ቍጥር መሆናቸውን ፕሮግራሙ ራሱ መመርመር አለበት፤ ይህም ጊዜ ይፈጃል። በሊስፕ ማሽን ግን እያንዳንዱ ቃል የዓይነቱን ምልክት ይዞ ስለሚገኝ፥ ምርመራውን መሣሪያው ከድምሩ ጋር አብሮ ይፈጽመዋል። ስሕተት ሲገኝም ሠራተኛው ሥራው በቆመበት ስፍራ አርሞ ይቀጥላል። ይህን ሳናመሰግን አናልፍም፤ መሣሪያው ለሰው አሳብ ተገዛ እንጂ ሰው ለመሣሪያው አልተገዛም።

ነቀፌታችን ሌላ ነው። ሲምቦሊክስ የተባለው ኩባንያ በ1983 ያቀረበው 3600 የተባለ ማሽን ዋጋው በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ዶላር ነበር። ለጥቂቶች የተሠራ መሣሪያ የሚሻሻለው በጥቂቶች ገንዘብ ነው፤ ለብዙዎች የተሠራው ግን በብዙዎች ገንዘብ ይሻሻላል። ከዚህ የተነሣ ተራዎቹ ኮምፒዩተሮች ከዓመት ወደ ዓመት ሲፈጥኑና ዋጋቸው ሲቀንስ፥ የልዩው ማሽን ብልጫ ተመናመነ፤ በ1987ም ገበያው ወደቀ።

በዚያን ጊዜ ሌላ መንገድ አልነበረም የሚለን ይኖር ይሆናል። ለ1974 እውነት ነው፤ ስሕተቱ ለጊዜው ችግር የተገኘውን መፍትሔ ዘላቂ አድርጎ መያዙ ነው። ሊስፕ ራሱ ከማሽኑ ጋር አልሞተም፤ ኮመን ሊስፕ በ1994 በአሜሪካ የደረጃ ማዕረግ አግኝቶ እስከ ዛሬ በተራ ኮምፒዩተሮች ይሠራል።

ዛሬም ለአንድ ዓይነት ስሌት ብቻ የሚሠሩ መሣሪያዎች እየበዙ ናቸው። እኛ ተማሪዎች ከእነርሱ አንዱን ይዘን ስንማር ልንጠይቅ የሚገባን ይህ ነው፤ መሣሪያው ባረጀ ጊዜ ከትምህርታችን ምን ይተርፋል?