ናፍቆት ዳኛ ሲሆን፤ ስለ ናይሮቢ ማዕድና ስለ አዲስ ገቢው ሐበሻ

አንድ ሐበሻ ለሥራም ይሁን ለትምህርት፣ ለንግድም ይሁን በስደት ናይሮቢ ሲገባ፣ ሻንጣውን ካሳረፈ በኋላ ከሚያነሣቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «ደህና እንጀራ የሚገኘው የት ነው?» የሚለው ነው። መልሱም ሳይውል ሳያድር ይደርሰዋል። ኢስሊ የከረመ ዘመድ ያለው ወደ ኢስሊ ይወሰዳል፤ ወዳጁ በኪሊማኒ ወይም በሀርሊንግሃም አካባቢ የሚኖር ከሆነ ደግሞ በዚያው ካሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በአንዱ ይጋበዛል። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ለምሳ ሲወጣ ግን ነጭ፣ ጠጠር ያለ፣ ጨው ያልገባበት ኡጋሊ ከፊቱ ይቀመጣል። ሁለት ጊዜ ቆርሶ ይቀምስና ብይኑን ይሰጣል፦ «እነዚህ ሰዎች ምግብ አያውቁም።»

ይህ ብይን ቡና ሲጠጣ፣ ማኅበር ሲወጣ፣ ሰርግ ሲደገስ ይሰማል። አዲስ ገቢው ከነባሩ ይወርሰዋል፤ እርሱም በተራው ለሚከተለው ያወርሰዋል። በከተማዪቱ ብዙ ዓመት ተቀምጠው የጎረቤታቸውን ማዕድ ከሩቅ ብቻ የሚያውቁ አሉ። ነገሩ የምላስ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ማለፍ በተቻለ ነበር። ነገር ግን ማዕድን የናቀ ሰው ባለማዕዱንም መናቁ አይቀርም፤ አብሮ ከማይበሉት ሰው ጋር አብሮ መኖርም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ከብይኑ በፊት ዳኛውን መመርመር ይገባል። ዳኛው ናፍቆት ነው። ናፍቆትም ሁለት ጊዜ ያዳላል፤ በሌላው ማዕድ ላይ ያለ ልክ ይከብዳል፣ በገዛ አገሩ ማዕድ ላይ ደግሞ ያለ ልክ ይለዝባል።

ነገሩን ከኡጋሊ መጀመር ይቻላል። ሐበሻ ኡጋሊን ሲያይ ወዲያው የሚያስበው ገንፎን ነው። ገንፎ መካከሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ስለሚገባበት ማባያው ከራሱ ጋር ይመጣል። በዚህ መስፈርት የተመዘነ ኡጋሊ ጎዶሎ ሆኖ ቢገኝ አያስደንቅም። ሆኖም ኡጋሊ በማዕዱ ላይ የሚሠራው ሥራ የእንጀራን ሥራ ነው። ጨው የማይገባበትም ጨዉ አብሮት ከሚቀርበው ወጥ፣ ጎመን ወይም ዓሣ ስለሚገኝ ነው። የበቆሎው ዱቄት በፈላ ውሃ ላይ እየተነሰነሰ፣ ምዊኮ በሚባለው የእንጨት ማማሰያ ሲታሽ ይቆይና ከድስቱ ግድግዳ መላቀቅ ሲጀምር ይበስላል። ጥሩ ኡጋሊ ጥሬ ዱቄት አይሸትም፤ ሲጨብጡት ከእጅ አይጣበቅም፤ አይፈረፈርምም። በላተኛው ትንሽ ቆርሶ በመዳፉ ያድበለብለዋል፣ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ያጎደጉደዋል፣ በዚያም ወጡን ይዝቅበታል። እንጀራን በእጁ ቆርሶ ለሚጠቀልል ሕዝብ ይህ ሥርዓት እንግዳ ሊሆን ባልተገባ ነበር። በሹካ የበላ ሰው ኡጋሊን ገና አልቀመሰውም ማለት ይቻላል።

አብሮት የሚቀርበው ሱኩማ ዊኪም እንዲሁ ነው። ስሙ በስዋሂሊ «ሳምንቱን ግፋው» እንደ ማለት ሲሆን፣ ደመወዝ እስኪደርስ ቤተሰብን የሚያሻግር ርካሽ ጎመን መሆኑን ይናገራል። የኢትዮጵያ ጎመን ተቀቅሎ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ገብቶበት እስኪለሰልስ ይበስላል። ሱኩማ ግን በስሱ ተቀርድዶ በሽንኩርትና በቲማቲም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይጠበሳል፤ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ፣ ለጥርስም ጥቂት ሳይለሰልስ መውጣት አለበት። «አልበሰለም» ብሎ የሚመልስ እንግዳ በደንብ የተሠራውን ይመልሳል። በዘይት ተውጦ፣ ጠቁሮና ተልፈስፍሶ የሚቀርበው ሱኩማ ግን በባለቤቶቹ መስፈርትም የወደቀ ነው። በምሳ ሰዓት ግፊያ የሚበዛባቸው የመሀል ከተማ ምግብ ቤቶች ቀድመው ሠርተው ሲያቆዩት ይህ ጥፋት ይደርሳል፤ ሊነቀፍ የሚገባውም ይኸው ነው።

ሥጋ ላይ ሲደረስ ሐበሻ ራሱን ከማንም የበለጠ አዋቂ አድርጎ ይቆጥራል። የኛማ ቾማ ሥርዓት በእርግጥ ከአዲስ አበባ ልኳንዳ ቤት እምብዛም አይርቅም። ኬንያታ ማርኬትን ወይም በርማ ገበያን የጎበኘ ሰው እንደሚያውቀው፣ ደንበኛው ከተሰቀለው ሥጋ ፊት ቆሞ የሚፈልገውን ብልት ያሳያል፣ በኪሎ ያስመዝናል፣ ከዚያም ቦታ ይይዛል። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ጥብስ በጋለ ብረት ምጣድ ላይ በቅቤ፣ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በጥብስ ቅጠል ቶሎ ይደርሳል። ቾማ ግን ከጨው በቀር ብዙ ነገር ሳይነካው በከሰል ላይ ቀስ ብሎ ስለሚበስል አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። ሲደርስ በእንጨት መክተፊያ ላይ ተቆራርጦ፣ ከቲማቲም፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከድንብላል ቅጠልና ከሎሚ ከሚሠራው ካቹምባሪ ጋር ይቀርባል። ቅመሙ የቀረው የፍየሉ ጣዕምና የከሰሉ ጢስ እንዲሰማ ታስቦ ነው። መጠበቁም የግብዣው አካል ነው፤ ጨዋታ የሚሞቀው በዚያ ሰዓት ነው። ቸኩሎ ውጪውን አሳርሮ ውስጡን ጥሬ የሚያስቀር ቤት ቢነቀፍ ተገቢ ነው። «አዋዜ የለውም» ብሎ መንቀፍ ግን ትችት አይባልም።

ጊቴሪ ሌላ ምሥጢር ይገልጣል። በቆሎና ቦሎቄ አብሮ ተቀቅሎ፣ ብዙውን ጊዜም በሽንኩርትና በቲማቲም ተቁላልቶ የሚቀርብ፣ በማዕከላዊ ኬንያ የተወደደ ምግብ ነው። ሐበሻ ሲያየው ትዝ የሚለው ንፍሮ ነው፤ ንፍሮ ደግሞ ለብዙዎች የለቅሶ ቤት ምግብ ነው። እንግዳው ሳህኑን ሲገፋ በትዝታው የተተከለውን ድንኳን አብሮ እየገፋ መሆኑን ላያስተውል ይችላል። ረቡዕና ዓርብን የሚጾመው ኦርቶዶክሳዊ ግን ሥጋና ቅቤ ያልገባበት ጊቴሪ የጾም ምግብ መሆኑን ልብ ቢል ኖሮ፣ በየጾሙ «በዚህ አገር የሚበላ ጠፋ» ባላለ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲባል ናይሮቢ ራሷ የእንግዶች ከተማ መሆኗ መረሳት የለበትም። የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1899፣ ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ በሚዘረጋው የባቡር ሐዲድ ላይ ጣቢያና የዕቃ ማከማቻ ሆና ነው። ለሐዲዱ ሥራ ከ30,000 በላይ ሕንዳውያን መጥተው ነበር፤ አብዛኞቹ ቢመለሱም የቀሩትና ተከትለዋቸው የመጡት ነጋዴዎች ማዕዳቸውን ይዘው ኖሩ። ዛሬ ቻፓቲ በመንገድ ዳር በኪባንዳ ይሸጣል፣ በበዓል ቀን በየቤቱ ይጋገራል፤ የኬንያ ቤተሰብ የራሱ አድርጎታል። ከወተት ጋር አብሮ የሚፈላው ሻይም እንዲሁ ነው፤ ኬንያ ቡና አብቃይ ብትሆንም የቤቷ መጠጥ ሻይ ነው። የመጤ ምግብ የአገር ምግብ የሚሆነው እንግዳውና ባለአገሩ አንዱ የሌላውን ሲቀምሱ ነው።

ኢስሊም ለዚህ ምስክር ናት። በሶማሌዎቹ ምግብ ቤቶች በቅመም የተሠራ ሩዝ ከፍየል ሥጋ ጋር ሲቀርብ በጎኑ ሙዝ ይቀመጣል። በሙዙ የሚስቅ ሐበሻ አይታጣም፤ ከሩዙ ጋር አብሮ የቀመሰው ግን የሙዙ ጣፋጭነት የቅመሙን ሙቀት እንደሚያበርድ ያውቃል። ለቁርስ የሚጋገረው አንጄሮ ከእንጀራ ያነሰና የለሰለሰ ሲሆን ከሻይና ከስኳር ጋር ወይም ከጉበት ጋር ይበላል። «ያልተሳካ እንጀራ» የሚሉት ሰዎች የእንጀራን ዘመድ እንጀራ ባለመሆኑ ይከሱታል። በእርድ ሥርዓት ምክንያት ሥጋውን የማይበላ ክርስቲያንም ቢሆን አንጄሮውንና ሻዩን የሚከለክለው የለም። ፓስታውም ቢሆን ከሞቃዲሾ እስከ አስመራና አዲስ አበባ ከጣሊያን ጋር የገባ የጋራ ትዝታ ነው።

እስካሁን የታየው የናፍቆት ክብደት ነው። ልስላሴው ደግሞ በኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ውስጥ ይታያል። ጊቴሪን በሁለት ማንኪያ የጣለው ዳኛ እዚህ ሲደርስ ሕጉን ሁሉ ይዘነጋል። እርሾው በቅጡ ሳይብላላ የተጋገረ፣ ዓይኑ የጠፋ እንጀራ ይቀርብለታል፤ ይበላል። የዶሮ ወጡ ሽንኩርት ሳይቁላላ ውሃ ገብቶበት ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ይበላል። በያይነቱ ተብሎ የመጣው ስድስት ዓይነት ወጥ አንድ ዓይነት ጣዕም ይሰጣል፤ ይበላል። ሲወጣም «አገር ቤት የገባሁ መሰለኝ» ብሎ ያመሰግናል። ያመሰገነው ዘፈኑን፣ ዕጣኑንና በግድግዳው የተሰቀለውን የላሊበላ ሥዕል ነው፤ እነዚህ ደግሞ ወጥ አያጣፍጡም።

የጤፍ ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። የኢትዮጵያ መንግሥት ያልተዘጋጀ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ እ.ኤ.አ. በ2006 ከልክሎ ቆይቷል፤ ከ2015 ወዲህ በመጠኑ ተፈቅዷል። ጤፍ ከአገሩ ርቆ ሲወደድ ዱቄቱን ከሌላ እህል ጋር መደባለቅ ነውር አይደለም፤ በአገር ቤትም የማሽላ፣ የገብስና የሩዝ ቅይጥ እንጀራ ይበላል። ነውሩ ቅይጡን «ንጹሕ ጤፍ» ብሎ መሸጡ ነው። ቅይጥ እንጀራም ቢሆን በቂ ቀን ከተብላላና አብሲት ከተጣለለት ይሳካል፤ ስለዚህ የጤፍ መወደድ ለቸልተኛ ጋጋሪ ምክንያት ሊሆነው አይችልም።

ይህ ልስላሴ ተጎጂዎች አሉት። የመጀመሪያዋ ከማለዳ ጀምራ ሽንኩርት ስታቁላላ የምትውለው፣ ቅቤዋን በኮረሪማና በኮሰረት የምታነጥረው ባለሙያ ናት። ድካሟና የቸልተኛው ሥራ እኩል ከተመሰገኑ፣ ዋጋቸውም እኩል ከሆነ፣ ነገ እርሷም ሽንኩርቱን አሳጥራ ማውረዷ አይቀርም። ሁለተኛው ተጎጂ በሐበሻ ወዳጁ ተጋብዞ የመጣው ኬንያዊ ነው። ያልተብላላ እንጀራ ቀምሶ «እነዚህ ሰዎች ምግብ አያውቁም» ብሎ ቢመለስ፣ ያ ብይን ዞሮ ለባለቤቱ መጣ ማለት ነው።

በዚህ ላይ መልስ የሚሰጡ ይኖራሉ። ከአገሩ የራቀ ሰው ምሽቱን የሚያሳልፍበት፣ ቋንቋውን የሚሰማበት፣ ስለ ሥራና ስለ ቤት ኪራይ ወሬ የሚያገኝበት ቤት ያስፈልገዋል፤ የወጡ ጉድለት እዚህ ላይ ምን ቁም ነገር አለው? ይላሉ። መልሱ የሚናቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በስደት ላይ ላለ ሰው ከማዕድ በላይ የሚሰጡት ነገር አለ፤ ባዶ ኪሱን አይተው በዱቤ የሚያበሉም አሉ። ይህ ውለታ ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን ውለታው በስሙ፣ ወጡም በስሙ ይጠራ። ባለቤቲቱን ስለ ደግነቷ አመስግኖ ስለ ሽንኩርቷ እውነቱን የሚነግራት ደንበኛ ከሚሸነግላት ይበልጥ ይጠቅማታል።

«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይላል የአገር ተረት። ለምግብ ሲተረጎም፣ የአንድ አገር ማዕድ የሚመዘነው ያ አገር ራሱ ባወጣለት መስፈርት ነው። ያን መስፈርት ለማወቅ ደግሞ አንድ ጊዜ መቅመስ አይበቃም። ከሚያውቀው ሰው ጋር መሄድ፣ እርሱ የሚበላውን ማዘዝ፣ እርሱ እንደሚበላው መብላት፣ «ይህ ዛሬ በደንብ ተሠርቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የኬንያዊው ባልደረባ መልስ «አይ፣ የዛሬው ኡጋሊ ውሃ በዝቶበታል» የሚል ሊሆን ይችላል። እንግዳው ልዩነቱ በምላሱ የገባው ዕለት መንቀፍም ማመስገንም ይችላል። ከዚያ በኋላ «አልወደውም» ቢል እንኳ ቃሉ ክብደት ይኖረዋል፤ የሚያውቀውን ነውና የማይወደው።

ያው ሰው በሳምንቱ ባልደረባውን ኢስሊ ወስዶ «ሽሮውን እዘዝ፤ ዶሮውን ግን ዛሬ ተወው» ብሎ በሐቅ ቢመክረው፣ ውለታውን መልሷል። ናይሮቢ የሚገባው ቀጣዩ ሐበሻም ሻንጣውን አሳርፎ «ደህና እንጀራ የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ነባሩ ይንገረው፤ አያይዞም «ደህና ኡጋሊስ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስተምረው።