የጦር ሜዳና የእናት ቤት፤ ስለ ሺዬ ቢንግዪንግ የሕይወት ታሪክ የቀረበ ሒስ

ቻይናዊቱ ደራሲ ሺዬ ቢንግዪንግ «የአንዲት ሴት ወታደር የሕይወት ታሪክ» የተባለውን መጽሐፏን በሻንግሃይ ያሳተመችው በ1936 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ ዕድሜዋ ከ30 ዓመት አይበልጥም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዕድሜ የራስን ታሪክ መጻፍ ለብዙ ሰው ድፍረት ይመስላል። ነገር ግን ይህች ሴት እስከዚያ ድረስ ያየችው ነገር ለአንድ ሽማግሌ ዕድሜ የሚበቃ ነበር። በሕፃንነቷ እግሯ ታስሯል፤ ሳታውቀው ታጭታለች፤ ወታደር ሆና ዘምታለች፤ በገዛ እናቷ ቤት እስረኛ ሆናለች፤ ያለ ፈቃዷ ተድራለች፤ በመጨረሻም አምልጣ ደራሲ ሆናለች።

ከዚህ የተነሣ መጽሐፉን ያነበቡ ብዙ ሰዎች ደራሲዪቱን ጀብደኛ እያሉ ያደንቋታል። በ1940 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉምም «ዓመፀኛዪቱ ልጅ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ግን፣ ጀብዱ የሚለው ቃል መጽሐፉን ያሳንሰዋል እንጂ አያከብረውም የሚል ነው። ጀብደኛ የሚባለው ደኅና ቤት ሳለው አደጋን ፍለጋ የሚወጣ ሰው ነው። ሺዬ ቢንግዪንግ ግን ወደ ጦር ሜዳ የሄደችው ከሌላ ጦርነት ሸሽታ ነው። ያም ጦርነት የተደረገው በእናቷ ቤት ውስጥ ነው። መጽሐፉን ታላቅ የሚያደርገው የዚህ የቤት ጦርነት ታሪክ መሆኑን ከዚህ በታች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ደራሲዪቱ በ1906 ዓ.ም. በደቡብ ቻይና በሁናን ክፍለ ሀገር፣ በሺንኋ አውራጃ ውስጥ በሚገኝ የተራራ መንደር ተወለደች። አባቷ በጥንቱ የኮንፉሺየስ ትምህርት የበለጸጉና የትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩ ሊቅ ናቸው። ይሁን እንጂ ቤቱን የሚገዙት እናቲቱ ነበሩ። መንደርተኛው ሲጣላ ለዕርቅ የሚመጣው ወደ እርሳቸው ነው፤ ቃላቸውንም የሚያፈርስ ሰው አልነበረም። ልጃቸውንም እንደ ጨዋ ልጅ ለማሳደግ ቆርጠው ተነሡ። በቻይና የቆየ ልማድ የጨዋ ልጅ እግር እንዳያድግ በጨርቅ ተጠምጥሞ፣ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው እንዲቀሩ ይደረግ ነበር። ትንሽ እግር የሌላት ልጅ ባል አታገኝም ይባል ነበርና፣ እናቲቱ ይህን የሚያደርጉት ልጃቸውን ስለ ጠሉ ሳይሆን ስለ ወደዱ ነው። ልጅቷም ገና ሕፃን ሳለች ለአንድ የአባቷ ወዳጅ ልጅ ታጨች። በልጅነት መታጨት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለምና፣ ይህን ክፍል ለመረዳት የቻይናን ታሪክ አስቀድሞ ማጥናት አያስፈልገውም።

ልጅቷ ትምህርት ቤት ለመግባት በጠየቀች ጊዜ እናቷ ከለከሏት። እርሷም ምግብ አልቀምስም ብላ ተኛች። እናቲቱ ድል የሆኑት በዚህ የረኃብ አድማ ነው። ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ የእግሯን ማሠሪያ ፈትታ ጣለች፤ ቆይቶም በክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ በቻንግሻ ወደሚገኘው የሴቶች መምህራን ማሠልጠኛ ገባች። እዚህ ላይ አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ልጅቷ እናቷን ያሸነፈችው ከእናቷ በወረሰችው እልክ ነው። ደራሲዪቱ ይህን በግልጽ ቃል አትናገረውም። ነገር ግን ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን ስታቆማቸው የአንድ እንጨት ሁለት ጫፍ መሆናቸው ይታያል።

በ1926 ዓ.ም. የኩዎሚንታንግ ሠራዊት፣ አገሪቱን የተከፋፈሉትን የጦር አለቆች አስገብሮ ቻይናን አንድ ለማድረግ፣ የሰሜን ዘመቻ የተባለውን ጦርነት ከጓንግዶንግ ተነሥቶ ጀመረ። ሠራዊቱ ዉሃንን ከያዘ በኋላ በዚያ የጦር ትምህርት ቤት ቅርንጫፍ ተቋቋመና ሴቶችም ተማሪዎች እንዲሆኑ ተፈቀደ። ቁጥራቸው ወደ 200 የሚጠጋ ነበር። ሺዬ ቢንግዪንግም ሁለተኛው ወንድሟ መክሯት ከእነዚህ መካከል ገባች። ወንድሟ ይህን የመከረበት አንዱ ምክንያት፣ ወታደር ካልሆነች በቀር ከታጨችበት ጋብቻ የምታመልጥበት መንገድ እንደሌላት ስለ ተረዳ ነው።

ደራሲዪቱ በዚህ ነገር ላይ የምታሳየው ቅንነት የሚያስደንቅ ነው። በዚያ ዘመን ወደ ጦር ትምህርት ቤት ከገቡት ሴቶች አብዛኞቹ የገቡት ለአገር ፍቅር ብለው እንዳልሆነና፣ ከቤተ ሰብ ጭቆና ወጥተው የራሳቸውን መንገድ ለመፈለግ እንደ ነበር በግልጽ ጽፋለች። ቀጥላም ልብሱን ለብሰው ጠመንጃውን ከተሸከሙ በኋላ ሐሳባቸው እንደ ተለወጠና የአገራቸው ሸክም የራሳቸው ሸክም እንደ ሆነ ትናገራለች። የመጽሐፉ ቁልፍ ይህ ይመስለኛል። ሌላ ደራሲ ቢሆን ኖሮ ፍጻሜውን ወደ መጀመሪያው አምጥቶ፣ «ከጥንትም ጀምሮ ለአገሬ ልሞት እመኝ ነበር» ብሎ በጻፈ ነበር። እርሷ ግን አገር መውደድ ከአንድ ልብስ ጋር አብሮ ሊመጣና ቀስ በቀስ እውነተኛ ሊሆን እንደሚችል አሳየች።

ዘመቻው ራሱ አጭር ነው። በ1927 ዓ.ም. በግንቦት ወር ዉሃን በጦር አለቆች በተጠቃች ጊዜ ሴቶቹ ከሠራዊቱ ጋር ወጡ። ሥራቸውም ቁስለኛ ማስታመምና የገጠሩን ሕዝብ መቀስቀስ ነበር። ጠቅላላው ጊዜ ከአንድ ወር እምብዛም አይበልጥም። ሺዬ ቢንግዪንግ በጉዞ ላይ ሳለች ባገኘችው ወረቀት የጻፈቻቸውን ደብዳቤዎች በዉሃን ለነበረው የጋዜጣ አዘጋጅ ለሱን ፉዩዋን ላከች፤ እርሱም በጋዜጣው ላይ አወጣቸው። ሊን ዩታንግ ወደ እንግሊዝኛ ተረጐማቸው፤ ጥቂት ቆይቶም «የዘመቻ ማስታወሻ» በሚል ስም በሻንግሃይ ታተሙ። የፈረንሳይኛው ትርጉም በወጣ ጊዜ ሮማን ሮላን ደራሲዪቱን አመስግኗታል። እንግዲህ በ20 ዓመት ዕድሜዋ የጻፈቻቸው የጉዞ ደብዳቤዎች በዓለም ላይ አሰሟት ማለት ነው።

እነዚህን ደብዳቤዎች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከወጣው የሕይወት ታሪክ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። በደብዳቤዎቹ ውስጥ የሚናገረው «እኛ» ነው፤ እኛ ዘመትን፣ እኛ ዘመርን፣ እኛ ድል አደረግን ይላል። ድካሙና ጭቃው ሁሉ በደስታ ይነገራል። በገበሬዎች ላይ ግፍ የሠሩ የመሬት ጌቶች ሲቀጡ ጸሐፊዋ ከሚያጨበጭበው ሕዝብ ጋር ታጨበጭባለች፤ የሚቀጣው ሰው ፊት ግን አይታያትም። ይህ የወጣትነት ጉድለት ነው፤ ያም ቢሆን የዘመኑን መንፈስ በትክክል ያስቀረ ጉድለት ነው። በ1936ቱ መጽሐፍ ውስጥ ግን «እኛ» ቦታውን ለ«እኔ» ይለቃል። ያው ዘመቻ በሁለት እስራት መካከል እንደ ተከፈተ መስኮት ሆኖ ይታያል፤ ከፊቱ የልጅነቱ ቤት፣ ከኋላው ደግሞ ያው ቤት አለ።

በ1927 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የዉሃን መንግሥት ከኮሚኒስቶቹ ጋር ሲለያይ የሴቶቹ ክፍል ተበተነ። ልጃገረዶቹ የወታደር ልብሳቸውን አውልቀው ወደየቤታቸው እንዲመለሱ ታዘዙ። የመጽሐፉ ከፍተኛ ክፍል የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ጠመንጃ ይዛ የተመለሰችውን ልጅ እናቷ ክፍል ውስጥ ዘጉባት፤ ደብዳቤዎቿን ያዙባት፤ የሠርጉንም ዝግጅት ቀጠሉ። ሦስት ጊዜ ለማምለጥ ሞክራ ሦስት ጊዜ ሳይሳካላት ቀረ። በጦር ሜዳ ያልተሸነፈችው ወታደር በእናቷ ደጃፍ ተሸነፈች። ተድራ ወደ ባሏ ቤት ከሄደች በኋላም ሦስት ሌሊት ሙሉ ከሙሽራው ጋር በክርክር አሳለፈች፤ ፍቅር የሌለበት ጋብቻ ለሁለቱም እስራት መሆኑን አስረዳችው። በመጨረሻ በቀድሞ ትምህርት ቤቷ የመምህርነት ሥራ በማግኘቷ ከቤት ወጥታ ቀረች፤ ጋብቻውም መፍረሱን በጋዜጣ አስታወቀች።

የሦስቱ ሌሊት ክርክር የተጻፈበት ክፍል ለእኔ ከጦርነቱ ምዕራፎች ሁሉ ይበልጣል። ሙሽራው ክፉ ሰው ሆኖ አልተሣለም። እርሱም እንደ እርሷ ሳይጠየቅ የታጨ ወጣት ነው። ደራሲዪቱ ጠላት ልታደርገው ስትችል ሰው አደረገችው። እናቲቱንም እንዲሁ። ልጃቸውን ያሠሩት በጭካኔ ሳይሆን በክብር ምክንያት ነው፤ አንድ ጊዜ የተሰጠ ቃል ከታጠፈ ቤታቸው በአገር ፊት የሚዋረድ መስሏቸዋልና። በዚህ ክፍል ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ከልባቸው ነው፤ ሁለቱም የሚወዱትን ሰው ያቆስላሉ። የልብ ወለድ ጸሐፊዎቻችን የእናትና የልጅን ጠብ ሲጽፉ ከዚህ ሊማሩ ይችላሉ፤ አሮጌው ሁሉ ክፉ፣ አዲሱ ሁሉ ደግ የሆነበት ድርሰት ለአንባቢው የሚያስተምረው ነገር የለምና።

መጽሐፉ ነቀፌታ የለበትም ማለቴ አይደለም። አንደኛ፣ እንባ ይበዛበታል። ደራሲዪቱ አንድ ኀዘን በሁለት ቃል ተነግሮ ሲያበቃ በአሥር ቃል ትደግመዋለች። ሁለተኛ፣ ከቤት ካመለጠች በኋላ ያለው ክፍል ይቸኩላል። በሻንግሃይ የደረሰባት ረኃብ፣ በቤይጂንግ የሴት ልጅ እናት መሆኗ፣ ከልጅቷ አባት መለያየቷ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ መጽሐፍ የሚወጣው ሲሆን፣ እንደ ባቡር ጣቢያ ታይቶ ይታለፋል። ሦስተኛውና ከባዱ፣ በ1927 ዓ.ም. ብዙ ጓደኞቿ በነበሩበት ወገን ላይ ስለ ወረደው እልቂት የምትናገረው ከሚጠበቀው በታች ነው። በ1948 ዓ.ም. ወደ ታይዋን ሄዳ መምህርት ከሆነች በኋላም መጽሐፏን ራሷ አሻሽላ አሳትማዋለች። ስለዚህ ይህን ድርሰት እንደ ታሪክ ማስረጃ የሚጠቅስ ተማሪ የትኛውን እትም እንደሚያነብ መለየት ይገባዋል።

አንድ ሰው ደግሞ፣ «በአገር ጦርነት አሳብቦ የግል ነፃነትን መሻት ከእውነተኛ አርበኝነት ያነሰ ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ለዚህ መልስ የሚሰጠው የደራሲዪቱ ኋለኛ ሕይወት ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ ለትምህርት ጃፓን ሳለች፣ ጃፓኖች በማንቹሪያ ያነገሡትን ፑዪን ወጥታ እንድትቀበል ብትጠየቅ እንቢ አለች፤ ለዚህም ወኅኒ ገብታ ተደበደበች። በ1937 ዓ.ም. ጃፓን ቻይናን በወረረች ጊዜ የሁናንን ሴቶች አሰባስባ የጦር ሜዳ አገልግሎት ጓድ አቋቋመች፤ በመስከረም ወርም ከቻንግሻ ተነሥታ በሻንግሃይ ግንባር ቁስለኞችን ልታስታምም ሄደች። ያን ጊዜ የሚያሳድዳት እጮኛ አልነበረም፤ የምትሸሸው ቤትም አልነበረም። ከ10 ዓመት በፊት ለማምለጥ የገባችበትን መንገድ አሁን በፈቃዷ መረጠችው። በ1938 ዓ.ም. ያሳተመችው «አዲሱ የዘመቻ ማስታወሻ» የዚህ ጊዜ ፍሬ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ምክንያት የግል መሆኑ ኋላ የተፈጸመውን ሥራ አላረከሰውም። እንዲያውም ለራሱ ነፃነት ያልታገለ ሰው ለሌላው ነፃነት የሚታገልበት ምክንያት ከየት ያገኛል?

ስለ ትርጉሞቹ አንድ ቃል ልጨምር። የ1940ውን እትም ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት አዴትና አኖር የተባሉት የሊን ዩታንግ ሴት ልጆች ሲሆኑ፣ ሁለቱም ገና ከ20 ዓመት በታች ነበሩ። በ1943 ዓ.ም. በለንደን፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ሌሎች ትርጉሞች ወጥተዋል። ደራሲዪቱ በ2000 ዓ.ም. በ93 ዓመቷ በሳን ፍራንሲስኮ ስላረፈች የመጨረሻውን ለማየት አልደረሰችም።

መጽሐፉን ለሚያነብ ባልንጀራዬ የምመክረው ይህን ነው። የሰልፉንና የመዝሙሩን ምዕራፎች በፍጥነት እለፋቸው፤ የተዘጋውን ክፍል ምዕራፍ ግን ቀስ ብለህ አንብብ። እዚያ የምታገኛት ሴት ጀብዱ ፈላጊ አይደለችም። እናቷን እየወደደች ለእናቷ መታዘዝን እንቢ ያለች ልጅ ናት፤ ይህም ጠመንጃ ከመተኮስ የሚከብድ ሥራ ነው። ከየመንደሩ ወደ ኮሌጅ የመጣን ተማሪዎች ሁሉ፣ ወላጆቻችን ያሰቡልን ኑሮና እኛ የምናስበው በተለያየ ጊዜ የምንጋፈጠው ጥያቄ ይህ ነውና፣ መልሱን በችኰላ ያልሰጠች ደራሲ ልትነበብ ይገባታል።