ከጣሪያው በፊት ወለሉ

ጉንደ ወይን ላይ ቤት ሊያሠራ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚነግረኝ የክፍሉን ብዛት ሳይሆን የቆርቆሮውን ነው። «ባለ 50 ቆርቆሮ» ይላል፤ ምርቱ የሰመረለት ደግሞ «ባለ 70»። ለወጪ ሒሳብ ደህና ልኬት ነው፤ ስንት ባህር ዛፍ፣ ስንት ኪሎ ሚስማር እንደሚፈጅ ወዲያው ይገመታል። ከጣሪያው ሥር ማን የት እንደሚተኛ፣ እንጀራው የት እንደሚጋገር ግን አይናገርም።

አሁን አሁን ደግሞ ፕላን በስልክ ይመጣል። ዘመድ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ፎቶ ይልካል፦ ሰፊ ሳሎን፣ ጥጉ ላይ ክፍት ማዕድ ቤት፣ ሁለት መኝታ። ያምራል። ግን የዚያ ቤት ሰዎች ጤፍ የሚገዙት በኪሎ ነው፤ አንዳንዶቹም እንጀራውን ራሱን ከሱቅ ያመጣሉ። እዚህ ከአውድማ በአህያ ተጭኖ በኩንታል ይገባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛ ቤት እንኳ መብራት በጠፋ ቀን ወደ ምድጃው ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ሳሎን ጥግ ላይ የተሠራ ማዕድ ቤት ኮርኒሱን ያጠቁረዋል።

ስለዚህ ከሳሎኑ አልጀምርም። አባወራው ስለ ብረት በሩና ስለ ግንባሩ ቀለም ሲያወጣ ሲያወርድ፣ እኔ እማወራዋን ወደ ቦታው እጠራለሁ። ካስማ ተክዬ ሲባጎ እወጥራለሁ፤ ግድግዳው የሚያርፍበትን በአመድ አሰምራለሁ። «እናቴ፣ እስቲ አሁን ይጋግሩ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ከዚያ ግን ከሊጡ ወደ ምጣዱ፣ ከምጣዱ ወደ መሶቡ፣ ከመሶቡ ወደ እንግዳው ሲመላለሱ ነገሩ ይገባቸዋል። «በዚህ በር መሶብ ይዤ አላልፍም» ካሉ በሩ ይሰፋል። ወረቀት ላይ ሁሉም በር ያሳልፋል።

ቤቱ በደንብ የሚፈተነው የማኅበር ተራ ሲደርሰው ነው። በ21 የማርያም ጽዋ የሚጠጣ ቤት፣ ተራው በደረሰ ቀን ማኅበርተኛውን ሁሉ ማስቀመጥ አለበት። ለጭሱ ብዬ ማዕድ ቤቱን ከዋናው ቤት እነጥለዋለሁ፤ በመካከላቸው ያለውን መተላለፊያ ግን በቆርቆሮ እሸፍነዋለሁ፤ በሐምሌ ጭቃ ወጥ ይዞ መሻገር ምን እንደሆነ የተሻገረ ያውቀዋል። ለሳሎኑም ሁለት በር አወጣለታለሁ፤ እንግዳው ከፊት ይገባል፣ አስተናጋጁ ከኋላ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን በር እንደ ብክነት ያየዋል። እኔ ሌላ መስኮት ቢቀር እመርጣለሁ።

እህሉም ክፍል ይፈልጋል። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ እርጥበት ግን ያበላሸዋል። የጓዳውን ወለል ከፍ አድርጌ፣ ዝናብ ከማይመታው ግድግዳ ጋር አገናኘዋለሁ፤ በሩም ጭነት ከሚራገፍበት ከጓሮ በኩል ይሆናል። ዝናቡ ከየት እንደሚመታ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፦ የጎረቤቱ ጭቃ ቤት በየትኛው ጎኑ እንደታጠበ ማየት ነው። ፀሐይን በተመለከተ፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የመኝታ ቤቱን መስኮት ወደዚያ አዞረዋለሁ፤ የብርድ ወራት ፀሐይ የምትገባው በዚያ ነው።

የክፍል ስፋት ላይ ብዙ አልከራከርም። ብሎኬቱ 40 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ልኩን ከእሱ ጋር አስማማለሁ፤ ቆርጦ መጣል ገንዘብ መጣል ነው። አልጋው ሜትር ከሃያ ነው ሜትር ከሃምሳ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ቁም ሣጥኑ ሲከፈት አልጋውን እንዳይነካ እለካለሁ። በቃ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ እንዲህ ያለው ምድር ቤት ቀላሉ ምድብ «ሀ» ውስጥ ነበር የወደቀው። ሕግ ቤቱ እንዳይወድቅ ይጠብቃል፤ ጓዳው የት ይሁን ብሎ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ግን አላጋጠመኝም።

ገንዘቡ ለሁለት ክፍል ብቻ ከበቃ፣ ሁለቱን አጥብቦ አራት ከማድረግ ሁለቱን በልካቸው ሠርቶ መቆም ይሻላል ባይ ነኝ። ወደፊት ክፍል በሚቀጠልበት ጎን፣ በር ሊከፈት ከሚችልበት በላይ አርማታውን ዛሬውኑ አስቀምጥና ሥሩን በብሎኬት እደፍነዋለሁ። ልጅ ሲያገባ ወይም እህል ሲበረክት ብሎኬቱን ብቻ ማንሳት ይበቃል። በዚያ ጎን ቆርቆሮውም እንዲቀጠል ተዳፋቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞራለሁ፤ የጣሪያው ቆጠራ የሚመጣው ያኔ ነው።