«ቂም በቀል» ይበቅላልን?

ትውልድ ተሻግሮ የሚዘልቅን ጠብ አማርኛ በሁለት መንገድ ይጠራዋል፤ «ቂም በቀል» ይላል፣ ወይም በአጭሩ «ደም»። «ቂም» የልብ ጉዳይ ነው፤ ይያዛል፣ ይቋጠራል። ችግሩ ያለው «በቀል» ላይ ነው። የዛሬ ጆሮ «በቀለ»ን ሲሰማ ቡቃያ ስለሚታሰበው፣ ቂም በልብ ተዘርቶ ጊዜው ሲደርስ የሚበቅል ነገር ይመስለዋል። ግእዝ ግን ሁለቱን በፊደል ለይቷቸዋል፤ የዘሩ «በቈለ» ነው፣ ብድር መመለሱ ደግሞ በተራው «ቀ» «ተበቀለ»። አማርኛ በዚህ ግስ ላይ የ«ቈ»ን ድምፅ ሲተው ሁለት የተለያዩ ሥሮች አንድ መልክ ያዙ። ልዩነቱን ማጥራት የፊደል ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። ቡቃያ በራሱ ኃይል ስለሚወጣ፣ ጠብን በእሱ አምሳል ያየ ሰው ባለቤት የሌለው፣ ማንም የማያስቆመው ተፈጥሮ አድርጎ ይቀበለዋል።

«ደም» የሚባለው አነጋገር ከዚህ ፍጹም ይለያል። ከቃሉ ጋር የሚሄዱትን እንይ፦ ባለ ደም፣ ደም መላሽ፣ የደም ዋጋ፣ የደም ዕዳ። እነዚህ የስሜት ሳይሆኑ የሒሳብ ቃላት ናቸው። አበዳሪው «ባለ ገንዘብ» እንደሚባል ሁሉ የሟች ወገን «ባለ ደም» ነው፤ ያዘነ ብቻ ሳይሆን መብት ያለው ሰው ነው። ልማዱም ይህን ይደግፋል። ከዘመናዊዎቹ ሕግጋት በፊት ጥፋተኛ የተባለ ነፍሰ ገዳይ ለሟች ወገኖች ይሰጥ ነበር፤ ሞቱን ወይም የደም ዋጋን የሚመርጡት እነሱ ነበሩ። ደመላሽ፣ ካሳ፣ ካሳሁን የሚሉት የሰው ስሞች ከዚሁ የዕዳ ቋንቋ የወጡ ናቸው። ለአማርኛ ጎረቤት የሆነው አፋን ኦሮሞም «ጉማ» ሲል የደም ካሳውን ማለቱ ነው።

ይህ አነጋገር ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 35 ስለ ደም ተበቃይ ይናገራልና። ነገር ግን ያው ምዕራፍ አስቦ ለገደለ ሰው ነፍስ ቤዛ መቀበልን በግልጽ ይከለክላል። ዋጋን የሚከለክል ጽሑፍ የዋጋን ቋንቋ ሊያወርሰን አይችልም፤ ተበቃዩን ቢያጸናልንም ካሳውን ያመጣው የአገሩ ልማድ ነው። ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ዕዳ ይወረሳል፤ ደመላሽ የተባለ ሕፃን ያልፈጸመውን ነገር ተሸክሞ ያድጋል፣ «መመለስ» የሚለው ግስም ገንዘብንም ጥይትንም እኩል ያስተናግዳል። ይህን መካድ አይቻልም፤ ብዙ ቤት የፈረሰው በዚሁ ውርስ ነው። ሆኖም ዕዳ ልክ አለው፣ ተቀባዩ ይታወቃል፣ ሲከፈልም ይዘጋል። ሽማግሌዎች «ደም እናድርቅ» ብለው መነሣት የሚችሉት ጠቡ መዝጊያ ያለው ስለሆነ ነው።

የ1949 ዓ.ም. ወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እሱን የተካው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከሳሽነቱን ለዐቃቤ ሕግ ሰጥተዋል፤ ባለ ደሙ በችሎቱ ምስክር ወይም ታዳሚ ሆኗል። ፍርደኛው እስሩን ጨርሶ ሲወጣ ሽማግሌ የሚፈለገውም ለዚህ ነው፤ ቅጣቱ የተከፈለው ለመንግሥት ነው፣ ለባለ ደሙ ገና አልተከፈለም።