ዐረብኛና የሥነ ጽሑፋችን ታሪክ

ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚታጠፈው መንገድ ለውቅር አብያተ ክርስቲያናት ተመልካች ብቻ ሳይሆን ለዐረብኛ ሥነ ጽሑፍ መርማሪም ጥያቄ ያስነሣል። የክብረ ነገሥት ማሳረጊያ መጽሐፉ ከቅብጥ ቋንቋ ወደ ዐረብኛ የተመለሰው በንጉሥ ላሊበላ ዘመን እንደ ሆነ፣ ኋላም የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ ወደ ግእዝ እንደ መለሰው ይናገራል። መነሻ የተባለው የዐረብኛ ቅጂ ግን አልተገኘም። ቃሉ እውነት ሆነም አልሆነም፣ ከዐረብኛ መመለሱን መግለጽ ለመጽሐፉ የክብር ማኅተም ነበረ። ፍትሐ ነገሥትም ኢብን አል-አሳል እ.አ.አ. በ1238 በዐረብኛ ካዘጋጀው ሕግ የተገኘ ነው።

ስሕተታችን ዐረብኛን እንደ መሸጋገሪያ ድልድይ ብቻ መቍጠራችን ነው። በወሎ ሼኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ዐማርኛውን በዐረብ ፊደል እየጻፉ መንዙማ ሲደርሱ፣ የጥንቱ የዐረብ የውዳሴ ግጥም በእኛው ቋንቋ አዲስ ሕይወት አገኘ። ዐረቦቹም በበኩላቸው ከቀሲዳ ወደ ልብ ወለድ ተሻገሩ፤ ነጂብ ማሕፉዝም እ.አ.አ. በ1988 የኖቤልን ሽልማት ተሸለመ። እንግዲህ አንዱ ምንጭ ሁለት ወንዝ ሆኖ ሳለ፣ ክብረ ነገሥትን አስተምሮ መንዙማን የሚተው የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ከዐረብኛ የወሰድነውን እንጂ በወሰድነው የሠራነውን አይነግረንም።