ሰምና ወርቅ በአንጎል ምስል ይታያልን?

ዶናልድ ሌቪን በከፊል በመንዝ ደጋ ባደረጉት ጥናት ላይ ተመሥርተው እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት «ዋክስ ኤንድ ጎልድ» የአማርኛን ድርብ አነጋገር ከዘመናዊነት መንፈስ ጋር የማይጣጣም አድርጎ አቅርቦት ነበር። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ሌላ መጽሐፍ ለአሻሚነት ጥብቅና መቆማቸው ብዙም አይወሳም። ጥያቄው ከባህል ወደ አንጎል ሲዞር ደግሞ ድርብ ትርጉም የቀኝ ንፍቀ አንጎል ሥራ ነው የሚል ቀላል መልስ ይሰማል።

የዚህ መልስ ምንጭ በአብዛኛው ኤለን ዊነርና ሃዋርድ ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡት የሕሙማን ጥናት ነው። ቀኝ ንፍቀ አንጎላቸው የተጎዳ ሕሙማን ዘይቤያዊ ሐረግ ተነግሯቸው ሥዕል ሲመርጡ ቃል በቃል ወደሚያሳየው አዘነበሉ። በቃል እንዲያስረዱ ሲጠየቁ ግን ብዙውን ጊዜ ትርጉሙን በትክክል ተናገሩ! አፌዝያ ያለባቸው በተቃራኒው ተገቢውን ሥዕል መርጠው ማስረዳት ተሳናቸው። ከዚህ ግኝት በሰፊው የተጠቀሰው የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው። የቀኝ ጉዳት የእይታ ትኩረትን ስለሚያዛባ የሥዕል ስሕተት ሁሉ የትርጉም ስሕተት ሊባል አይገባም።

የምስል ምርመራውም አልተስማማም። እ.ኤ.አ. በ1994 የቦቲኒ ቡድን በፔት የቀኙን ተሳትፎ አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የራፕ ቡድን በኤም.አር.አይ. የግራውን ግንባር ታችኛ ክፍል አገኘ። የዓረፍተ ነገሮቹ እንግድነትና ክብደት ውጤቱን ሳይለውጠው አይቀርም። ከሁሉ በላይ፣ ምስል አንድ ክፍል በሥራው መሳተፉን ያሳያል እንጂ ያለ እርሱ ሥራው እንደማይከናወን አያረጋግጥም፤ ለዚህ ሕመምተኛው ያስፈልጋል።

ቅኔ ደግሞ ከእነዚህ ፈተናዎች ያልፋል። በፈተናዎቹ ቃል በቃል የሆነው ትርጉም ተጥሎ ሌላው ይያዛል። በሰምና ወርቅ ግን ኅብረ ቃሉ ሁለቱንም ይሸከማል፤ ሰሙን የጣለ ሰሚ ጨዋታውን አጥቷል።

በመሐል ሜዳ ወይም በዓለም ከተማ ስትሮክ የመታውን ሰው «ሆደ ሰፊ» ምን ማለት እንደሆነ ጠይቆ ትክክለኛ መልስ ማግኘት የሚያሳየው የቆየው ፈሊጥ አለመጥፋቱን ነው። አዲስ ንግግር መፍታቱ ለብቻው ይጠየቅ፤ በቃል እንጂ በሥዕል ብቻ አይሁን። ከሕመሙ በፊት ቅኔና ቀልድ ያውቅ እንደነበርም ቤተሰቡ ይጠየቅ።