ከመጽሐፍ አዟሪው እጅ የወጣች ብራና

ሴትየዋ ድስቷን ታማስላለች፤ አንድ ሰው ደግሞ ሥጋውን በዘንግ ሰክቶ እሳት ላይ ያገላብጣል። እነዚህ ሥዕሎች ያሉበት ሀጋዳ፣ አይሁድ በፋሲካ ሌሊት ማዕድ ላይ የሚያነቡት መጽሐፍ፣ በብራና ተጽፎ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1478 ነው። ጸሐፊውም ሠዓሊውም ኢዩኤል ቤን ሺምዖን ነው፤ ከጀርመን ምድር እስከ ሰሜን ጣልያን እየተዘዋወረ የሠራ ባለሙያ።

የእጁን ብልሃት ለማየት የመሲሑ ገጽ ይበቃል። መሲሑ በአህያ ወደ ደጅ ደርሷል፤ አባወራው ጽዋ ይዞ ይቀበለዋል። አህያዋ ግን እሱን ብቻ አልተሸከመችም። ከኋላው አንድ ቤተሰብ ተፈናጧል፤ ጀርባዋ አልበቃ ብሎ እስከ ጅራቷ! የገጹ ጸሎት የእግዚአብሔርን ቁጣ የሚለምን ብርቱ ጸሎት ነው፤ ኢዩኤል ከጎኑ ያኖረው ግን እንዳይቀር የሚሻማ ቤተሰብ ነው። ሳቁ ጸሎቱን አላቀለለውም። ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ድፍረት ይህ ነው።

ብራናው ዛሬ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት «የዋሽንግተን ሀጋዳ» ተብሎ ይጠራል። ለዚያ ያበቃው መጽሐፍ አዟሪው ኤፍሬም ዴይናርድ ነው። በ1846 የዛሬዋ ላትቪያ ውስጥ ተወለደ፤ ክራይሚያ ላይ ቀራይት የተባለው የአይሁድ ወገን ሊቅ የሆነውን አብርሃም ፊርኮቪችን በጸሐፊነት አገለገለ፤ ኦዴሳ ላይ መጻሕፍት ሸጠ፤ በ1888 አሜሪካ ገባ። ኔቫዳ ውስጥ የእርሻ መንደር ለመመሥረት ሞክሮ ከሸፈበት።

ብዕሩ ቁጡ ነበር፤ ሐሲዲም በተባሉት የአይሁድ ሃይማኖታዊ ወገኖች ላይ የጻፈውን ማንበብ ያደክማል። መጽሐፍ ሲመዘግብ ግን ያ ቁጣ ወደ ትጋት ይለወጣል። በ1926 ባሳተመው «ቆሄሌት አሜሪካ» ከ1735 ጀምሮ በአሜሪካ የታተሙትን የዕብራይስጥ መጻሕፍት አንድ በአንድ ሊዘረዝር ተነሣ፤ ማንም ያላዘዘውን ሥራ።

ንግዱም የዚያው ትጋት ሌላ ፊት ነው። ከአገር አገር እየዞረ የለቀማቸውን መጻሕፍት ለየብቻ ከመቸርቸር ይልቅ በስብስብ ይሸጥ ነበር። በ1912 ባለባንኩ ጄኮብ ሺፍ 10,000 ያህሉን ገዝቶ ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ የቤተ መጻሕፍቱ የዕብራይስጥ ክፍል በዚህ ስብስብ ላይ ተመሠረተ። ቤተ መጻሕፍቱ ከዴይናርድ ሌሎች ስብስቦችንም አገኘ፤ የኢዩኤል ብራና የመጣው ከነዚያ ጋር ነው። ለጥናት እንጂ ለጌጥ አልተፈለገም፤ እንደ አንድ ቤተሰብ ከብዙ ወንድሞቹ ጋር ገባ።